የሌላ ሰው ቁም ሳጥን

ቤት ለመልቀቅ ገና የሚያስብ ሰው አባቴ ፊት ባያወራው ይሻለዋል። ወሬውን ሳይጨርስ አልጋው ደረጃ ላይ ይሆናል።

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው መታጠቢያ ሥር ተጋድሞ ይውልና እሑድ ክራቫት አስሮ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ፕሬዚዳንት ስላችሁ ዘብ የሚቆምለት ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ነው። እኛ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ነን፤ ሰዉ ሞርሞን የሚለን። እኛ ዘንድ ደመወዝተኛ ቄስ የለም። አንዱ ይጠራል፣ የተጠራውም እሺ ይላል፣ ከዚያ ሚስቱና ልጆቹ ሳይጠሩ አብረው ያገለግላሉ። ይህን ያለችው እናቴ ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች የረዘመ ነገር ማሳጠር ታውቅበታለች።

ሰኞ ማታ የቤተሰብ ምሽታችን ነው። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ እንዘምራለን፣ ከመጽሐፈ ሞርሞን ጥቂት እናነባለን፣ መጨረሻ ላይ እናቴ ኬክ ትቆርሳለች። ሕጉ እንደዚያ ነው። በተግባር ግን ገና መዝሙሩ ሳያልቅ ስልክ ይጮኻል። ያን ሰኞ የደወለችው የቤተ ክርስቲያናችን አባል የሆነች አንዲት ነርስ ናት። ነርሷ የተጠመቀችው በቅርቡ ነው፣ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥታባት ቅዳሜ ከቀትር በፊት ውጪልኝ ብላታለች።

«ምንም አታስቢ» አላት አባቴ።

ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ እናቴ ኬኩን መልሳ ከደነችው።

«ቅዳሜ እኮ የስፌት ጠረጴዛዬን ልታዞርልኝ ነበር» አለችው ስልኩን ሲዘጋ።

«እሱንም እናዞረዋለን።»

«ይህን ያልከኝ ልጅቷ የወተት ጥርሷን ስትጥል ነው።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። አሁን ጥርሴ ሙሉ ነው፤ ጠረጴዛውም እዚያው ነው።

እኔ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፤ የሰው ፀጉር አጥባለሁ። ከትምህርት ጋር ብዙም ስላልተስማማን በጊዜ ተለያየን። ቅዳሜ ፀጉር ቤታችን ውስጥ መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያ አይገኝም። ፈቃድ ስጠይቅ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ማበጠሪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች አፈጠጠችብኝ።

«ደግሞ ማንን ልታግዙ ነው?»

«አንዲት ነርስ።»

«የእናንተስ ጸሎት ቤት ነው ወይስ የጭነት ማኅበር?»

እኔም አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃው ሥር ተሰበሰብን። ዳቦ ጋጋሪው የዱቄት መኪናውን ይዞ መጥቷል። የሒሳብ አስተማሪው የሥራ ጓንቱን አጥልቋል። ሁለቱ ሚስዮናውያን ደግሞ ሰው ሲያስተምሩ አርፍደው ከነነጭ ሸሚዛቸውና ከነክራቫታቸው ደረሱ። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፤ ጢም ለሁለቱም ገና አልመጣላቸውም። ማዕረጋቸው ግን «ሽማግሌ» ነው። በእኔ ዕድሜ የሚሆንን ልጅ «ሽማግሌ፣ ጫማህ ተፈቷል» ማለት ደስ ይለኛል። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ነርሷ የምትገባበትን ክፍል ሊወለውሉ ቀድመው ሄደዋል።

አባቴ ደረጃው ሥር ኮፍያውን አውልቆ ዕቃውንም ወገባችንንም ጠብቅልን ብሎ ጸለየ። ከዚያ መመሪያ ሰጠ። የእሱ መመሪያ ሁሌም አንድ ናት። ባለቤቱን ጥያቄ አታብዙበት፤ ባለቤት ከተጠየቀ ይህን ልተው፣ ያንን ልውሰድ እያለ ማልቀስ ይጀምራል፣ ቀኑም ይመሻል። ሰላም በሉ፣ አንሱ፣ ውረዱ። ሰዎቻችን በዚህ የተካኑ ናቸው። አንድ ቤት ባዶ ሲያደርጉ ላያቸው ሰው ፖሊስ ሊጠራ ይችላል።

ነርሷ የአዳር ተረኛ ስለነበረች በስልክ ነው ያስረዳችው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ዕቃው በካርቶን ታስሯል፣ አጎቴ ይጠብቃችኋል። ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ዕቃው በካርቶን ታስሯል፣ አንድ ትልቅ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «ዝግጁ ነዎት?» አላቸው አባቴ። ዝግጁ ነበሩ። በቃ።

የእኔ ድርሻ መኪናውን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ካርቶኖቹ ወረዱ። ከዚያ ሬዲዮ ወረደ፤ እንኳን ነርሷ እናቷ ሳትወለድ የተሠራ የሚመስል ሬዲዮ። ከዚያ አንድ ጥቁር ቁም ሳጥን አራት ወንዶችን እያስቃሰተ መጣ። ቀጥሎ የሒሳብ አስተማሪው በሁለት እጁ ጫማዎች ታቅፎ ብቅ አለ፤ እያንዳንዱ ጫማ ሕፃን የሚያስተኛ።

«የነርሷ እግር እንዲህ ነው እንዴ?» አልኩት።

«የአጎቷ ይሆናል።»

«አጎቷም አብሮ ነው የሚለቀው?»

«አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽን ተይና ተቀበይኝ።»

ተቀበልኩት። ጫማውን ጭኜ መኪናው ውስጥ አረፍ እንዳልኩ ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው ወረዱ። ኮፍያ አድርገዋል፣ ጫማቸው እንደ መስታወት ያበራል፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ማንንም ሳይጠይቁ ከፊት ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡና የደኅንነት ቀበቶ ፈልገው አሰሩ።

«የዚህ መኪና ማርሽ ሦስተኛው ላይ ይቸግራል አይደል?» አሉኝ። «ስትመጡ ድምፁ ነገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ።»

«እኔ አላውቅም አባባ። የዳቦ ጋጋሪው ነው።»

«ጎበዞች ናችሁ። ልጄ ጥሩ ድርጅት ነው የቀጠረው። በክራቫት ዕቃ የሚያወርድ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» መነጽራቸው ካርቶን ውስጥ ስለገባ ሚስዮናውያኑ ደረት ላይ ባለው ባጅ የተጻፈውን የቤተ ክርስቲያናችንን ስም አላነበቡም።

«የትኛው ልጅዎ?»

«አንድ ነው ያለኝ። እናቱ ስታርፍ ‹አባዬ፣ አንድ ቀን መኪና እልክና ጠቅልዬ እወስድሃለሁ› አለኝ። እኔ ታዲያ በነጋታው ጠቀለልኩ። ውጭ የቀረው አንድ ሰሃንና አንድ ማንኪያ ነው። ጎረቤቶቼ ይሥቁብኛል፤ ‹አባባ ሾፌር፣ መኪናው ገና አልመጣም?› ይሉኛል። ይኸው መጣ። በመናኸሪያው በኩል ብናልፍ ቅር ይላችኋል? የድሮ ጓደኞቼ ልጄ ጋ ስሄድ እንዲያዩኝ ነው።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አባባ፣ ነርስ የሆነች የወንድም ልጅ አለችዎት?»

«ወንድም የለኝም። ነርስ ምን ያደርግልሻል፣ አሞሻል?»

እኔ ዝም በይ ተብዬ እንኳ ዝም የማልል ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ስህተቱን ልነግራቸው አልደፈርኩም። እሳቸው በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ ካርታ ሳያዩ መንገዱን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይሥላሉ። እንዲያው ሌላ ሰው ይንገራቸው እያልኩ ሳለሁ ነርሷ ከሕንፃው ከሌላኛው ወገን እየሮጠች መጣች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«የት ነው ያላችሁት? አከራይዬ እኮ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። አጎቴ ጠብቆ ጠብቆ ሊሄድ ነው።»

አባቴ ነርሷን አየ፣ መኪናውን አየ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው የአባባን የመጨረሻ ካርቶን ይዞ ወጣ፤ ፊታችንን ሲያይ ያለበት ቀጥ አለ።

«ፎቁ ልክ ነው» አለ የሒሳብ አስተማሪው። «ግራውም ልክ ነው።»

«ሕንፃው ሁለት መግቢያ አለው» አለች ነርሷ።

«እሱ አልተሰጠም» አለ አስተማሪው፣ ፈተና ላይ ያለ ይመስል።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ክፍሉ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ዕቃው የት ደረሰ?»

«እዚያው ቤቷ ነው።»

«መኪናው ባዶ ነው ማለት ነው?»

«አይ፣ መኪናው ሙሉ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ነው።»

«ሰውየውስ?» አለች እናቴ።

«ሰውየውም አብረው ናቸው።»

«ለአባትሽ ምሳው ቀዝቅዟል በይው» ብላ ዘጋችው።

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ወደ መኪናው መስኮት መጣ። የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ የሚያለዝብበት ቃልም አያውቅም።

«አባባ፣ ስህተት ሠርተናል። በር ተምታትቶብን ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ልናነሳ መጥተን የእርስዎን አነሳን።»

«ልጄ አልላካችሁም?»

«አልላከንም። ልጅዎን አናውቀውም።»

አባባ ሾፌር የፊት መስተዋቱን ትክ ብለው አዩ፣ ቀይ መብራት እንደያዘው ሰው። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ።

«አሁኑኑ እንመልሰዋለን» አለ አባቴ። «ሁሉንም፣ እንደነበረው።»

«እንደነበረው?» አሉ አባባ። «እንደነበረውማ ካርቶን ውስጥ ነበር።»

አባቴ ልጅዎ ጋ ይደውሉ አላቸው። ደወሉ፤ አይነሳም። «ስብሰባ ላይ ይሆናል» አሉ። ቅዳሜ ነው፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ነርሷ እኔስ እያለች በአንድ እግሯ ትቆማለች። አባባ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ቁልፍ አወጡና በመስኮቱ በኩል ሰጧት።

«ቤቴ ባዶ ነው፣ እነዚህ ልጆች ጠርገውታል። መኪናው እስኪመለስ ዕቃሽን እዚያ አስገቢ። እኔ የልጄን ፊት አይቼ ልምጣ። መንገድ የጀመረ አውቶቡስ እኮ ግማሽ ላይ አይዞርም፤ ተሳፋሪ አለው።»

«ተሳፋሪው ማን ነው?» አልኩ እኔ።

«እኔ ነኛ።»

አባቴ አገጩን አከከ። «እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ። «ግን በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ እውነቱን እነግረዋለሁ። አይሆንም ካለ መልሰን ሦስተኛ ፎቅ እናወጣዋለን፤ አንዲት ማንኪያ አትቀርም። ይስማማሉ?»

ተስማሙ። የነርሷ ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ በአንዱ መግቢያ ወርዶ በሌላው ሲወጣ አከራይዋ እጇን እንዳጣመረች አየችው። አጎቷም ሰው ሁሉ እሳቸውን ትቶ ሌላ ሰው አጎት ማድረጉን ሲሰሙ ተቀየሙ፤ ግን ፍራሹን በአንድ በኩል ያዙ። ከዚያ እኛ ተነሳን። በመናኸሪያው በኩል አለፍን። አባባ እጃቸውን በመስኮት አወጡ፤ ሁለት ሰዎች ተነሥተው አጨበጨቡላቸው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መልሰን ብናመጣቸው በየት በኩል ነው የምናልፈው?

መንገዱን ሁሉ አወሩኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰካራም ተሳፋሪ እንዴት እንደሚወርድ፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት የገባ ቀን የት እንደጠፋ። ዳቦ ጋጋሪው መሪውን ይዞ ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ።

የልጃቸው ቤት ግቢ ያለው ነው። እሱ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ቁምጣ ለብሶ በውሃ ጎማ መኪናውን ያጥባል። አባቴ ቀረበው።

«አባትዎን ይዘን መጥተናል» አለው። «በስህተት ነው።»

«በስህተት?»

«ዕቃቸውንም ጭምር።»

ሰውየው መኪናውን አየ፣ ዱቄት የለበሱትን ሰዎች አየ፣ ሁለቱን ባለክራቫት ልጆች አየ። «ስንት ነው የምትጠይቁት?» አለ።

«ምንም። በነጻ ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በነጻ ሲባል ሰው ይፈራል፤ ሚስዮናውያኑ ሥራቸው ስለሆነ ያውቁታል። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፤ መግቢያውን፣ ካርቶኑን፣ ክራቫቱን። ልጃቸው ጎማውን እንደያዘ ወደ እኛ መስኮት መጣ፤ ውሃው እግሩ ላይ ይፈስሳል፣ እሱ ግን አላየውም። አባባ ቀበቶአቸውን አልፈቱም።

«አባዬ፣ አንድ ቀን ነው እኮ ያልኩህ።»

«ዛሬም ቀን ነው።»

«ክፍሉ አልተዘጋጀም። ዕቃ ሞልቶበታል። በሩ እንኳ አይከፈትም።»

ይህን ንግግር የእኛ ሰዎች ፊት መናገር አልነበረበትም። የሒሳብ አስተማሪው ጓንቱን አጠበቀ። ረጅሙ ሽማግሌ ክራቫቱን ወደ ሸሚዙ ኪስ አስገባ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ በየትኛው በኩል እንደሆነ በዓይኑ መፈለግ ጀመረ።

«ቁሙ» አለ አባቴ። ቆሙ። ወደ ሰውየው ዞረ። «ወንድሜ፣ ችግሩ ዕቃው ብቻ ከሆነ፣ እሱ ለእኛ ምንም አይደለም። ሌላ ምክንያት ካለዎት ግን ይንገሩን። ጭነን እንደመጣን ጭነን እንመለሳለን፤ ማንም አይታዘብዎትም።»

እኔ እታዘበው ነበር፤ ግን አልተጠየቅኩም።

ልጃቸው አባቱን ትቶ አባቴን አየ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሄጄ ስጠይቀው ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። እኔም ዝም እላለሁ። እንደዚያ ሆኖ እዚህ፣ ዓይኔ ሥር፣ በየቀኑ… አልችል ይሆናል ብዬ ነው። ክፍሉንማ በአንድ ቀን መጥረግ እችል ነበር።»

አባባ ቦርሳቸውን አጥብቀው ያዙ። እኔ አላስቻለኝም።

«ማን ነው ዝም የሚለው?» አልኩ። «እኔ እዚህ እስክንደርስ ጆሮዬ ደንቁሯል። ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ነግረውኛል። ትምህርት ቤት የገባህ ቀን አውቶቡስ ወንበር ሥር ተደብቀህ መጨረሻው ፌርማታ ሁለቴ ደርሰህ መመለስህንም ነግረውኛል።»

«አንቺ ልጅ» አለ አባቴ።

«ሁለቴ አይደለም» አለ ልጃቸው፤ ጆሮው ቀላ። «አባዬ፣ ይህን ለማያውቁን ሰዎች ታወራለህ?»

«ታዲያ ለማን ላውራው?» አሉ አባባ ሾፌር። «እዚያ ቤት ግድግዳውን ላጫውተው? አንተ ስትመጣ ሰዓትህን ታያለህ፤ ቸኩሏል ብዬ ዝም እላለሁ።»

«እኔ ሰዓቴን የማየው አንተ ዝም ስትል ነው።»

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ልጃቸው እግሩ መራሱን አሁን ገና አየና ጎማውን ወርውሮ ውሃውን ሊዘጋ ሄደ። ቧንቧው አልዘጋ አለው፤ አባቴ ጣልቃ ላለመግባት እንዴት እንደታገለ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲመለስ የመኪናውን በር ከፍቶ የአባቱን ቀበቶ ራሱ ፈታ።

«ክፍሉ በጓሮ በኩል ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ትንፋሽ ያጥረኛል። ክፍሉ ውስጥ የሞተ ማቀዝቀዣ ነበር፣ ማንም ያልጋለበው የስፖርት ብስክሌት ነበር፣ ሦስት የተሰበሩ ወንበሮችና ጭራሽ ያልተከፈቱ የቀለም ጣሳዎች ነበሩ። ሁሉም ግቢው ውስጥ ተደረደረ። አባባ መሐል ቆመው ቁም ሳጥኑን ሲያስገቡ ያዛሉ። «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ቀኝህን ያዝ፣ በቃ፣ ቁም።» አጭሩ ሽማግሌ ላብ አጥምቆት እንደ ወታደር ይታዘዛል።

በዚህ መሐል ምራታቸው በሁለት ዘንቢል አትክልት ይዛ ገባች። ማቀዝቀዣውን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ አማቷን አየች።

«ምን መጣ?» አለችው ባሏን።

«አባዬ መጣ።»

«እሱን አይቻለሁ፣ እንኳን መጡ። ይህን ማቀዝቀዣ ማን አወጣው?»

«እነሱ።»

«እኔ አውጣው ብዬ ስለምነው አፌ ተልጦ ነበር» አለችና ወደ እኛ ዞረች። «ሻይ ላፍላላችሁ?»

«ውሃ ይበቃናል» አልን ሁላችን ባንድ ድምፅ። ሻይም ቡናም ስለማንጠጣ ነው፤ እሷ ግን የተቀየምን መስሏት ወደ ባሏ አፈጠጠች። ዳቦ ጋጋሪው አስረዳት። እሷም አሰብ አድርጋ «እህቴ እኮ እንዲህ መጠረግ ያለበት አንድ መጋዘን አላት» አለችው። አባቴ ቁጥሯን ሊመዘግብ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁና እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ የነርሷ ዕቃ። የእማዬ ጠረጴዛ።»

«አዎ» አለ። «አዎ፣ ልክ ነሽ።» ስልኩን መለሰ። ከሠራኋቸው ተአምራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

የቀረው አልጋው ብቻ ነበር። አባቴ በግርጌው በኩል ጎንበስ ሲል ሚስዮናውያኑ ወደ ራስጌው መጡ፤ ልጃቸው ግን ቀደማቸው። ሸክም የለመደ ሰው አይደለም፤ በወገቡ ሊያነሳ ሲል አባቴ ጉልበትህን እጠፍ አለው። አነሱት። ክፍሉ ውስጥ አስገብተው ወዲያና ወዲህ አሉ።

«ራስጌህ በየት በኩል ይሁን?» አለ ልጃቸው። አልጋው ከብዶት ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

አባባ ሾፌር ዙሪያውን አዩ። መስኮቱን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ጊዜ ወሰዱ። አባቴ ቢደክመውም አልተናገረም።

«ወደ በሩ» አሉ። «የሚገባውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

«እኔ ነኝ የምገባው» አለ ልጃቸው።

«እኮ» አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው የሚሰቅሉበት ምስማር በግድግዳው ላይ መፈለግ ጀመሩ።